የድርጅት መስመር

ሥራዬን ብትሉኝ፣ ዝምታ መመርመር፤
የሞተ ነው ወይስ የተኛ ነው መስመር?
ደብረ ብርሃን ላይ፣ በውርጭ ከተማ፣
ጥርስ ሲንቀጫቀጭ ከመንገድ ሲሰማ፣
እኔ ከማለዳው ካፖርት ደርቤ
የነጋዴን ሽቦ አደምጣለሁ ቀርቤ።
መለኪያው በግራ፣ መዝገቡ በቀኝ፣
ሌሊት የታመመው ተሰልፎ ሲጠብቀኝ፦

የዱቄት ፋብሪካው ይንኮሻኮሻል፤
አይጡ ስንዴ ትቶ ኬብሉን ይሻል።
ቢራ አከፋፋዩ ስልክ ባነሣ ቁጥር
ይሰማዋል አሉ የመድኃኒት ቤት ምሥጢር።
ጣርማ በር ላይ ደግሞ፣ ጉሙ ሣጥን ከፍቶ፣
ማደያው ያወራል ውሃ ውስጥ ገብቶ።

አርጋው ይወጣል መሰላል ተሸክሞ፤
እኔ ከዚህ ሆኜ፣ «ቀኙን ያዝ»፣ «ልቀቀው»፣ «ግራውን»፣ «እንደገና ደግሞ»።
«አለ?» ይለኛል ከምሰሶው አናት።
«የለም።»
«አሁንስ?»
«አሁን አለ።»
ከዚያ ሁለታችን ትንሽ ዝም ማለት።

አንዲት ደንበኛ አለች፣ እትዬ የሻሽወርቅ፣
ከመናኸሪያው ማዶ፣ ከአስፋልቱ ሳትርቅ፣
የመንዝ ዝተት ሻጭ፣ የበርኖስ ነጋዴ፤
«ስልኬ ሞቶብኛል» ትላለች በሳምንት ሁለቴ፣ ካልሆነም አንዴ።
ጥንዱን እለካለሁ፤ ቮልቱ አልደከመም፣
ኦሙ ልኩን ይዟል፣ ምድር አልነካም።
አርጋው ሄዶ አየ፤ ሮዜቱ ንጹሕ ነው፣ ሽቦው አልዛገም፤
«እኔ ምን ልጠግን? ያልታመመ አይታከም።»

ቅጹ ላይ ቦታ አለ፣ «የብልሽት ምክንያት» የሚል፤
ባዶ አይተውም ደንቡ። ምን ልጻፍ? ምን ልበል?
«የወልዲያው ደንበኛ መደወል አቁሟል» ይባላል?
«የፋብሪካ ብርድ ልብስ ከዝተት ይረክሳል» ይባላል?
ኮድ አለው አይጡ፣ ኮድ አለው መብረቁ፤
ኮድ የላቸውም ግን ሰዎች ሲራራቁ።

(ቤቴም ስገባ ይሄ ጆሮ አይወልቅም፤
ሚስቴ ዝም ስትል፣ ተኝታ ይሁን ተቀይማ አላውቅም።)

ከዚያ ወዲህ ጧት ጧት፣ ሦስት ሰዓት ሲሆን፣
ቁጥሯን እመታለሁ፣ ሰበቡ ምንም ይሁን።
ገና በአንድ ጥሪ፣ «የሻሽወርቅ በርኖስ፤ ማን ልበል?» ትላለች፤
ትንፋሿ ያሳብቃል፣ ከደጅ ሮጣለች።
«ፍተሻ ነው» እላለሁ። «ይሰማል?»
«ይሰማል።»
«ጥራቱስ?»
«ደህና ነው። ብርዱ ግን ይብሳል።
ትናንት በረሳ ዳር ሣሩ ነጭ ሆኖ አደረ።
ቢሯችሁ ይሞቃል? አምና እናንተ ጋ አንድ ዝተት የገዛኝ ሰው ነበረ…»
ለአንድ ፍተሻ ደንቡ ሠላሳ ሰከንድ ይላል፤
የእሷ መስመር ግን፣ እንጃ፣ አራት ደቂቃ ይወስዳል።

አቶ ሰይፈሥላሴ ወሩን ሲደምሩ
«ይሄ ቁጥር ምነው?» አሉ እየቆጠሩ።
«የሚያጠራጥር መስመር ነው» አልኳቸው።
አልዋሸሁም። መነጽራቸውን ጠርገው፣ ወደ ሌላ ገጽ ዞረ ዓይናቸው።

ትናንት ሦስት ሰዓት ላይ፣ እንደ ልማዴ፣ ደወልኩ።
ጢ — ጢ — ጢ — ጢ።
ተይዟል።
ሻይ ጠጥቼ መጣሁ። ሦስት ሰዓት ከሩብ። ተይዟል።
ሾርት ይሆናል ብዬ መለኪያው ላይ ጣልኩት፤
ሰው ነበር። መርፌው እንደ ወሬኛ ራስ ሲወዛወዝ አየሁት።
መስማት እችል ነበር፣ ክሊፑ ከእጄ ላይ ነው፤
ግን ፍተሻ ሌላ፣ ጆሮ መጣል ሌላ፤ ይሄኛው ነውር ነው።
ከወልዲያ ይሁን፣ ከመሀል ሜዳ፣
ልጇ ይሁን፣ ገዢ ይሁን፣ ወይ ባለ ዕዳ፣
አላውቅም።

መዝገቡን ሳብኩና በዕለቱ ረድፍ ላይ
ደመቅ አድርጌ ጻፍኩ፣ አቶ ሰይፈሥላሴ እንዲያይ፦
«አልተፈተሸም። መስመሩ ተይዟል።»
ከዚያ ወደ ዱቄት ፋብሪካው ተመለስኩ።
አሁንም ይንኮሻኮሻል።